ሩሲያኛ የሚያነብ ሰው ሳናጣ

ይድረስ፦ ለዩኒቨርሲቲዎቻችን የታሪክ፣ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍሎች
ግልባጭ፦ ራሺያ ለተማራችሁ ጋሼዎችና እትዬዎች፣ በያላችሁበት
ጉዳዩ፦ ሩሲያኛን ለታሪክ ምርምር ስለማስተማር

ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ክረምት ከሥራ ስወጣ ዝናብ ያዘኝና አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠለልኩ። አጠገቤ ቆሎና ኦቾሎኒ የሚሸጡ እናት ነበሩ። ኦቾሎኒ ገዛሁ፤ እንደተለመደው በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። በልቼ ጨርሼ ወረቀቱን ልጥለው ስል ፊደሉ ዓይኔን ያዘው። ሩሲያኛ ነው። የሰዋስው መጽሐፍ ገጽ ነው፣ የመሄድና የመመላለስ ግሦች በሠንጠረዥ የተደረደሩበት። ከእያንዳንዱ ግሥ በላይ አንድ ሰው በእርሳስ፣ በደቃቅ የእጅ ጽሑፍ፣ አማርኛውን ጽፎበታል። «በእግር መሄድ»፣ «በእግር መመላለስ»፣ «በመኪና መሄድ»፣ «በመኪና መመላለስ»። ኅዳጉ ላይ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ «ፈተና ላይ ይመጣል» ይላል።

ሌላም እንዳለ ጠየቅኳቸው። ልጃቸው ከአንድ ትምህርት ቤት በኪሎ ከተሸጠ ወረቀት ላይ እንዳመጣላቸው ነገሩኝ። ቦታውን አልጠቅስም፤ እንዲህ ያለው ነገር የሚሆነው አንድ ቦታ ብቻ አይደለምና። የቀረውን ሁሉ ገዛኋቸው። ቆጠርኩት፣ 43 ገጽ ነው።

ገጾቹ መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ነገር ግን ከዚያ ክረምት ይቀድማል።

ማስተርሴን በታሪክ ስሠራ ከዓድዋ በኋላ ቁስለኞቻችንን ስላከሙት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች መጻፍ ነበር የፈለግኩት። ልጅ ሆኜ አያቴ «የመስኮብ ሐኪም» ሲሉ እሰማ ነበር። እርሳቸውም ከእናታቸው የሰሙት ነው። አማካሪዬን ሄጄ አማከርኩ። ደግ ሰው ነበሩ፣ ርዕሱንም ወደዱት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «ሩሲያኛ ታነቢያለሽ?» አላነብም። «እንግዲያው ርዕስ ቀይሪ፤ በእንግሊዝኛ ያለውን ብቻ ለቃቅመሽ ብትጽፊ የሌላ ሰው ሥራ መገልበጥ ነው የሚሆነው» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ቀየርኩ። ዲግሪዬንም ያዝኩ። ነገሩ ግን እንደ እሾህ ውስጤ ቀረ። የት ሄጄ ልማረው ብዬ ስጠይቅ በጊዜው በነበርኩበት ግቢ መልስ የሚሰጠኝ ሰው አላገኘሁም።

እስቲ የቀረብንን ነገር በደንብ እንየው።

ያ የሕክምና ቡድን በ1896 እ.ኤ.አ. ነው የመጣው (ከዚህ በታችም ዓ.ም. ያላልኩበት ዓመት እንደ ፈረንጁ አቆጣጠር ነው)። ኃላፊው ጄኔራል ሽቬዶቭ ይባላል። ጣልያኖች በምጽዋ በኩል አናሳልፍም ስላሉ በጅቡቲ ዞሮ፣ ሐረርን አልፎ አዲስ አበባ ደረሰ። ሐኪሞቹ ያዩትን ጽፈዋል፣ ሪፖርት ልከዋል፣ ወደ ሀገራቸው ሲመለሱም በመጽሔት አሳትመዋል። አብሮ የመጣው ወጣት መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ደግሞ በማግሥቱ ዓመት፣ በ1897፣ ከእንጦጦ እስከ ባሮ ወንዝ ስላደረገው ጉዞ መጽሐፍ አወጣ። ቀጥሎ ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር በካፋ አድርጎ እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ፣ ዛሬ ቱርካና እስከምንለው ድረስ ዘለቀ። የዚያ ጉዞ መጽሐፉ በ1900 ታተመ። ሰውዬው አማርኛ ተምሯል። የጦሩን አሰላለፍ፣ የመሬቱን አቀማመጥ፣ የገበያውን ዋጋ፣ የሰዉን አለባበስ መዝግቧል። ጦርነቱ ካፋን ምን እንዳደረጋትም በዓይኑ አይቶ ጽፏል። የምኒልክ አድናቂ ነበር፤ ያንን ማድነቁን ይዞ ያየውን ጥፋት አለመደበቁ ነው ለታሪክ ተማሪ ዋጋ ያለው። ኋላ መንኩሶ የኦርቶዶክስ ገዳማት መናኸሪያ የሆነው አቶስ ተራራ ገባ። እዚያም በሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ትልቅ በሆነ የሃይማኖት ክርክር ውስጥ ዋና ተዋናይ ሆነ። ስለ እኛ የጻፈውን ለመመዘን ይህንንም ማወቅ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ሰው ምን ዓይነት ሩሲያ አፈራችው? የክፍለ ጦሩ ባህል ምን ነበር? ስለ ኦርቶዶክስ «ወንድሞቹ» ሲጽፍ ከየት የመጣ ሐሳብ ይዞ ነው? ቋንቋውን ብቻ የሚያውቅ ሰው ይህንን አይመልስም። ታሪኩንም ባህሉንም የተማረ ሰው ነው የሚመልሰው።

ኮሎኔል አርታሞኖቭም አለ። በ1898 ከደጃዝማች ተሰማ ጦር ጋር ወደ ነጭ ዓባይ የወረደው ማለት ነው። ከእርሱ ጋር ከነበሩት ኮሳኮች፣ የሩሲያ ፈረሰኛ ወታደሮች ማለት ነው፣ ሁለቱ ወንዙን በዋና ተሻግረዋል። የእርሱ ጽሑፍ በመጽሐፍ መልክ የወጣው በ1979 ነው። ገጣሚው ኒኮላይ ጉሚልዮቭ በ1913 ለፒተርስቡርግ ሙዚየም ዕቃና ፎቶግራፍ ሊሰበስብ ሐረር ድረስ መጣ፤ ያን ጊዜ የሐረር ገዥ የነበሩትን ደጃዝማች ተፈሪን አግኝቶ ፎቶ አንስቷል። ስብስቡ ዛሬም ኩንስትካሜራ በሚባለው ሙዚየም ነው ያለው።

ይህ ሁሉ የመንገደኛ ጽሑፍ ነው ትሉ ይሆናል። እሺ፣ ወደ ሊቃውንቱ እንሂድ። ቫሲሊ ቦሎቶቭ የሚባል የፒተርስቡርግ መንፈሳዊ አካዳሚ መምህር፣ ግእዝ የሚያነብ ሰው፣ በ1888 ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ አሳተመ። ቦሪስ ቱራዬቭ በ1902 የኢትዮጵያን ገድሎች እንደ ታሪክ ምንጭ መርምሮ ትልቅ ሥራ አወጣ። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስንና የአባ ሳሙኤል ዘዋልድባን ገድሎች አሳተመ፤ ፒተርስቡርግ ያሉትን የግእዝ ብራናዎችም መዘገበ። ዩሽማኖቭ በ1936 የአማርኛን ሰዋስው ጻፈ። በ1969 ሞስኮ ላይ የጋንኪን የአማርኛና የሩሲያኛ መዝገበ ቃላት ወጣ። ሴቪር ቼርኔትሶቭ የሚባለው የሌኒንግራድ ሰው ደግሞ ከ16ኛው እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን ያሉትን የነገሥታቶቻችንን ዜና መዋዕሎች ወደ ሩሲያኛ መልሶ በ1984 እና በ1989 አሳተመ። ስለ መካከለኛው ዘመን መንግሥታችን የራሱን ትንታኔም በመጽሐፍ አውጥቷል። ከትንታኔው ጋር ልትስማሙም ላትስማሙም ትችላላችሁ። ግን መጀመሪያ ማንበብ ያስፈልጋል። አንብቦ የሚሞግተው ሰው የት አለን?

ስለ ራሳችን ሰዎችም ላንሳ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ልጅ ሆነው ነው ሩሲያ የሄዱት። እዚያው አድገው፣ መድፈኛነት ተምረው ተመለሱ። የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የጻፉት እርሳቸው ናቸው፤ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አርቃቂ እርሳቸው ናቸው፤ ጣልያን ሲወረን ጄኔቭ ላይ ስለ ኢትዮጵያ የተከራከሩትም እርሳቸው ናቸው። የሕይወት ታሪካቸው በአማርኛ ስላለ ደግ ሆነ። ግን የወጣትነታቸውን ሩሲያ፣ በኒኮላይ ዘመን የነበረውን የገበሬና የባላባት ጣጣ፣ የመኳንንቱን ቤት ኑሮ ሳናውቅ ስለ መሬትና ስለ መንግሥት የነበራቸውን ሐሳብ ከምን ጋር እናስተያየዋለን?

በጣም የሚያመኝ ግን የቅርቡ ነው። በ1969 እና 1970 ዓ.ም.፣ የሶማሊያ ወረራ ጊዜ፣ የሶቭየት አምባሳደር አናቶሊ ራታኖቭ አዲስ አበባ ተቀምጠው ከመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ጋር የተነጋገሩትን እየጻፉ ወደ ሞስኮ ይልኩ ነበር። ሶቭየት ኅብረት ስትፈርስ ከሰነዶቹ የተወሰኑት ወጡ። ዋሽንግተን ያለ የቀዝቃዛው ጦርነት ታሪክ ፕሮጀክት በ1990ዎቹ ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉሞ አተማቸው። ምስጋና ይገባቸዋል። እኛ ዛሬ የምንጠቅሰው ያንን እንግሊዝኛ ነው። ንግግሩ የተደረገው እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ የሞቱት የእኛ ወንድሞች፣ የዘመቱት የእኛ አባቶች። የተባለውን ለማወቅ ግን ከሩሲያኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየተሻገረ እስኪደርሰን እንጠብቃለን።

በመሻገሩ ምን ይጠፋል ለሚል አንድ ምሳሌ ልስጥ።

ሩሲያኛ ግሡን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ነው የሚይዘው። አንዱ ሲደረግ የቆየውን፣ ሌላው ተደርጎ ያለቀውን ይናገራል። አንድ ዲፕሎማት ስለ አንድ ሹም ሲጽፍ «ኡቢዥዳል» ካለ «ለማሳመን ሞከርኩ፣ ስወተውተው ነበር» ማለቱ ነው። አሳመነው አላሳመነው አይታወቅም። «ኡቢዲል» ካለ ግን «አሳመንኩት» ነው፤ ነገሩ አልቋል። ተርጓሚ ሁለቱንም በአንድ ቃል ቢያልፋቸው ሳይስማማ የቀረው ሹም ተስማማ ተብሎ ታሪክ ይጻፍበታል። አንዲት ግሥ ናት። አማርኛችን ደግሞ «አሳመነው»ን እና «ሲያሳምነው ነበር»ን ለይቶ መናገር ይችላል። ማለትም ከሩሲያኛ በቀጥታ ወደ አማርኛ ቢመጣ የሚድን ነገር፣ በመሐል ሌላ ቋንቋ ሲገባ ሊሞት ይችላል።

የቀን አቆጣጠሩም አለ። ሩሲያ እስከ 1918 ድረስ በጁልያን ነበር የምትቆጥረው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከፈረንጁ 12 ቀን ወደ ኋላ ትቀራለች። ዓድዋ ለእኛ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው። ለጣልያን ማርች 1 ቀን 1896። ለሩሲያው መኮንን ደግሞ ፌብሯሪ 18። ሦስቱንም የማያውቅ ተማሪ የሩሲያ ማስታወሻ ሲያነብ ሰዎቹ ገና ያልተደረገ ጦርነት የሚያወሩ ይመስለዋል። እኛ እኮ ሁለት አቆጣጠር ይዘን ያደግን ነን። ገና እኛም እነሱም ዘንድ ጃኑዋሪ 7 ላይ ነው የሚውለው። ለዚህ ሥራ ከእኛ የተሻለ ማን ይዘጋጃል?

ወደ ራሴ ነገር ልመለስ። ርዕሴን ከቀየርኩ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሠፈራችን ያሉ ጡረታ የወጡ ኢንጅነር ሩሲያኛ እንደሚያውቁ ሰማሁ። ጋሼ ነው የምላቸው፣ እዚህም እንደዚያው ልበላቸው። ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ። «ለምንሽ ነው ልጄ? አሁን ማን ይፈልገዋል?» አሉኝ። ስለ መስኮብ ሐኪሞች ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና ቡና አስፈልተው የዚያኑ ዕለት ፊደሉን አስጀመሩኝ። ይኸው ሦስት ዓመት ሆነን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ።

የመጀመሪያው ቀን ያስገረመኝን ልንገራችሁ። ሩሲያኛ ፈረንጆችን ጉሮሯቸው ድረስ የሚያስቸግር አንድ አናባቢ አለው። እንግሊዞች ስንት ወር ይታገሉታል አሉኝ ጋሼ። ከዚያ «ስን» በይ አሉኝ። «ስን» አልኩ። «ልጅ፣ ወንድ ልጅ ማለት ነው። ርባ በይ።» «ርባ።» «ዓሣ ማለት ነው። አየሽ፣ ሳድሳችን ነው እኮ!» ብለው ጠረጴዛውን መቱት። ያ ፈረንጅ የሚታገለው ድምፅ እኛ ከእናታችን ጋር የጠጣነው ሳድስ ነው፣ ወይም ለእርሱ እጅግ የቀረበ ነው። ጥሎብኝ ያን ቀን ቤቴ እስክገባ «ስን፣ ርባ» እያልኩ ሄድኩ።

የሚከብደንም አለ። «ብራት» ወንድም ነው። መጨረሻው ላይ ያለውን ድምፅ ምላስን ወደ ላንቃ አስጠግተው ካለሰለሱት ደግሞ «መውሰድ» ይሆናል። ለእኔ ጆሮ ሁለቱ ለወራት አንድ ነበሩ። ስሙም እንደ አገባቡ ስድስት መልክ ይለዋውጣል፤ ሁለት ዓመትና አምስት ዓመት ስትሉ «ዓመት» የሚለው ቃል ራሱ ይቀየራል። የመሄድ ግሦቹንማ ያቺ የኦቾሎኒ ወረቀት ትመስክር። ጋሼን ሳሳያቸው ገና ከሩቁ አወቋት። «ይቺ የፖድፋክ መጽሐፍ ናት» አሉ። ፖድፋክ ማለት ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ቋንቋ ብቻ የሚማሩበት የዝግጅት ዓመት ነው። የራሺያ ተማሪ የሆነ ሰው ሁሉ ቃሉን ሲሰማ ፊቱ ይበራል። «ኢቲ፣ ኻዲት፣ ዬኻት፣ ዬዝዲት» ብለው እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ወረዱት፣ አርባ ምናምን ዓመት አልፎት።

እዚህ ላይ ለጋሼዎቹና ለእትዬዎቹ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። በደፈናው «ራሺያ ተማርኩ» ትላላችሁ። ስንጠይቃችሁ ግን አንዱ ኪየቭ፣ አንዱ ሚንስክ፣ አንዱ ኦዴሳ፣ ሌላው ታሽኬንት ነው የተማረው። የእኔ ጋሼ ካርኪቭ ነው የተማሩት። ማርች 1 ቀን 2022 የከተማዋ ትልቁ አደባባይ ላይ ያለው የአስተዳደር ሕንጻ በሚሳይል ሲመታ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብለው ነበር። በእርሳቸው ጊዜ አደባባዩ በድዜርዢንስኪ ስም ይጠራ ነበር፣ ዛሬ የነጻነት አደባባይ ነው የሚባለው። «እዚያ ጋ ነበር ትራም የምንጠብቀው» ብለው በጣታቸው ስክሪኑን ነኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ «ራሺያ ተማርኩ» ማለት ትተዋል። «ካርኪቭ ተማርኩ፣ በሩሲያኛ» ነው የሚሉት።

ለዚህ ነው ትምህርቱ ሲጀመር ሞኝ እንዳይሆን የምለምነው። የሩሲያን ቋንቋና ታሪክ ማጥናት ሩሲያን መደገፍ አይደለም፣ መቃወምም አይደለም። ዩክሬንን፣ ቤላሩስን፣ መካከለኛው እስያን፣ ካውካሰስን የሩሲያ ጓሮ አድርጎ የሚያይ ጥናት ደግሞ ግማሽ ጥናት ነው። አሜሪካ ያለው ትልቁ የስላቭና የምሥራቅ አውሮፓ ጥናት ማኅበር እንኳ በ2023 ለዓመታዊ ጉባኤው የመረጠው ርዕስ ከቅኝ ገዥ አስተሳሰብ መላቀቅ የሚል ነበር። እነሱ በስንት ዓመት ስሕተት የደረሱበትን እኛ ከመጀመሪያው ይዘነው መነሣት እንችላለን። እዚህ ሀገር ግን ሩሲያ ሲነሣ ወይ የወዳጅነት በዓል ንግግር ነው ወይ ስድብ ነው። ስለ ፑሽኪን ስናወራ እንኳ እንደዚያ ነው። አደባባይ ሰይመንለታል፣ የእኛ ደም ነው እንላለን። ቅድመ አያቱ ጋኒባል ግን በ1742 ማዕርግ ሲጠይቅ «ላጎን» በሚባል ከተማ እንደተወለደ ብቻ ነው የጻፈው። አኑቺን የሚባል ሩሲያዊ ምሁር በ1899 ቦታው ሐማሴን ነው አለ። ዲየዶኔ ኛማንኩ የሚባል የቤኒን ተመራማሪ ደግሞ በ1990ዎቹ የለም፣ በቻድ ሐይቅ አካባቢ ያለው ሎጎን ነው ብሎ ጠንካራ ማስረጃ አቀረበ። እኔ የኛማንኩ ክርክር ያሳምነኛል። ብናዝንም ማስረጃው የሚለውን መስማት አለብን። በዚህ ክርክር ውስጥ ሩሲያኛውን ሰነድ ራሱ አንብቦ የሚናገር ኢትዮጵያዊ ድምፅ ብንሰማ ምን ነበረበት!

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው። አዲስ ፋኩልቲ ክፈቱ አልልም፤ በጀቱ እንደሌለ አውቃለሁ። ለታሪክ፣ ለሥነ ልሳንና ለሥነ ጽሑፍ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሁለት ዓመት የሩሲያኛ ንባብ ኮርስ ይጀመር። በሳምንት አራት ሰዓት ይበቃል። መናገሩ ይቆየን፣ ማንበብ ይቅደም። የመጀመሪያው ዓመት ሰዋስው፣ ሁለተኛው ዓመት ቀጥታ ወደ ቡላቶቪች፣ ወደ ሐኪሞቹ ሪፖርት፣ ወደ ቱራዬቭ፣ ከዚያም ወደ አምባሳደሮቹ ቴሌግራም። ከጎኑ አንድ የሩሲያና የጎረቤቶቿ ታሪክ ኮርስ ይኑር፣ በራሳችን ሰው የሚሰጥ፣ ከማንም ኤምባሲ መመሪያ የማይጠብቅ። አራት ተማሪ ቢገኝ ይጀመር። አራት ሰው ማለት በአሥር ዓመት ውስጥ አራት የዶክትሬት ጽሑፍ ነው። ነጻ የትምህርት ዕድል ሲመጣም ሕክምናና ኢንጅነሪንግ ብቻ አትላኩ። አንድ የታሪክ ተማሪ ጨምሩበት። ፒተርስቡርግ ላይ የግእዝ ብራና አለ፣ ሞስኮ የውጭ ጉዳይ መዝገብ ቤት የምኒልክ ዘመን ደብዳቤዎች አሉ፤ ሄዶ የሚያያቸው ሰው ይኑረን።

መምህር ከየት ይምጣ ለምትሉ፣ ጎረቤታችሁን አንኳኩ። በየከተማው ጋሼን የመሰሉ ሰዎች አሉ። ሐኪሞች ናቸው፣ መሐንዲሶች ናቸው፣ የግብርና ባለሙያዎች ናቸው፣ መኮንኖች የነበሩ ናቸው። የቋንቋ መምህርነት ወረቀት የላቸውም፣ እውነት ነው። ግን አምስትና ስድስት ዓመት በዚያ ቋንቋ ፈተና የተፈተኑ፣ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በዚያ ቋንቋ የተከላከሉ ሰዎች ናቸው። ከአንድ የሥነ ልሳን መምህር ጋር ብታጣምሯቸው ኮርሱ ይቆማል። ችግሩ ዕድሜያቸው ነው። ባለፈው ዓመት ብቻ ጋሼ የሦስት የክፍል ጓደኞቻቸው ቀብር ላይ ቆመዋል።

ለቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎችም አንድ ቃል። በፊደሉ ምክንያት ማንም የማያነሣው መጽሐፍ መደርደሪያ እንደሚይዝ ይገባኛል። ከማስወገዳችሁ በፊት ግን አንድ የሚያነብ ሰው ጥሩና ያሳዩት። ግማሽ ቀን ነው የሚፈጀው። የብየዳ መማሪያው ይሂድ። መዝገበ ቃላቱ፣ የታሪኩ፣ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ የተጻፈበት ይቅር።

እናንተም ጋሼዎችና እትዬዎች፣ ሳጥናችሁን ክፈቱ። የፖድፋክ ደብተራችሁን፣ ከዶርም የጻፋችሁትን ደብዳቤ፣ በቡድን የተነሣችሁትን ፎቶ አውጡት። ከፎቶው ጀርባ ማን ማን እንደሆነ፣ የትኛው ከተማ እንደሆነ፣ ዓመተ ምሕረቱን ጻፉበት። ያ በራሱ ታሪክ ነው፣ በሺህ የሚቆጠር የአንድ ትውልድ ልጅ ከገጠር ቤቱ ወጥቶ በረዶ ላይ የኖረበት ታሪክ። ልጆቻችሁ ቤት ሲያጸዱ ለቁራሌው እንዳይሰጡት አሁኑኑ ንገሯቸው። እኔ ቁራሌውን አልወቅስም። እርሱ በኪሎ ነው የሚገዛው፤ የተጻፈውን ያልነገርነው እኛ ነን።

የቀይ መስቀሉን ርዕስ መልሼ ጀምሬዋለሁ። ለዲግሪ አይደለም፣ ለራሴ ነው። ከአንድ ሐኪም ጽሑፍ ላይ በቀን ግማሽ ገጽ፣ ሲቀናኝ አንድ ገጽ አነባለሁ። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ሁለት ሰዓት ቆየን። ሐኪሙ የቆሰለ ወታደር እግሩ እንዲቆረጥ «ኡቢዥዳል» ይላል። ሲያግባባው ነበር ማለት ነው። ተስማማ አይልም። ቀጥሎ ምን እንደሆነ ለማወቅ ገጹን ገለጥን። ሐኪሙ ስለ ሌላ በሽተኛ ነው የሚያወራው። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው «እምቢ ብሎት ይሆናል» አሉ። ወታደሩን እስካሁን አስበዋለሁ።

ጋሼ ሰባ ሊሞላቸው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ከ8 ሰዓት ጀምሮ ቤታቸው ናቸው። ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት አንብቤላቸው ሁለት ተማሪ እጨምራለሁ ብለዋል፣ ወንበር ስላለ። የትኛውም ትምህርት ክፍል ኮርሱን ልሞክር ካለ ደግሞ ያለ ክፍያ መጥተው አንድ ሴሚስተር እንደሚያስተምሩ ቃላቸውን ሰጥተውኛል። የሚፈልጉት ጥቁር ሰሌዳ ያለው ክፍልና ፎቅ ከሆነ የሚሠራ አሳንሰር ብቻ ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። 43ቱን ገጾች ስካን አድርጌያቸዋለሁ፣ ለመጀመሪያው ወር ይበቃሉ።

መልሳችሁን እጠብቃለሁ።